ነፋስ በአዋጅ የሚነፍስባት አገር

ይህን ታሪክ የነገሩኝ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ እነሱም ያዩትን በትክክል ማየታቸውን እርግጠኞች አልነበሩም። ስለዚህ እኔም እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ እንጂ ልምልላችሁ አልችልም።

ጀርባዋን ለተራራ፣ ፊቷን ለባሕር የሰጠች አንዲት አገር ነበረች። መሬቷ ጨውና ድንጋይ ስለሆነ የሚታረስ የላትም። ሰዎቿ ግን «እኛም ገበሬዎች ነን፤ እርሻችን እርጥብ መሆኑ ነው እንጂ» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። በባሕሩ ላይ፣ በዓይን ነጥሎ ማየት የማይቻል፣ ከዱቄት የላመ ቡቃያ ይበቅላል። ቡቃያው ሲበዛ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴውን ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁን ደግሞ ሰው።

ይህን ቡቃያ የሚያበቅለው ነፋስ ነው። ሁለት ነፋሶች ነበሩ። አንደኛው ገፊ ይባላል፤ ከሰሜን ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ ይነፍሳል። ገፊ ሲነፍስ የላዩን ሙቅ ውኃ ከዳር ወደ መሐል ይገፋዋል። በቦታው ቀዝቃዛው ውኃ የጥልቁን ደለል ተሸክሞ ከሥር ይወጣል፤ ቡቃያውም ያንን ደለል በልቶ ያድጋል። ሁለተኛው ነፋስ መላሽ ይባላል፤ ከባሕር ወደ የብስ ይመጣል። መላሽ ሲበረታ ሙቁ ውኃ ተመልሶ ዳር ላይ ይከማቻል፣ ይተኛል። በተኛ ውኃ ላይ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ዓይነት ቡቃያ ይነሣል፤ ቀይ። ቀዩን ቡቃያ የጠጣ ዛጎል መርዝ ነው። ሥጋውን የበላ ሰው መጀመሪያ ከንፈሩ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ምላሱ፣ በመጨረሻም ትንፋሹ።

ድሮ ነፋሶቹ ወራቸውን ያውቁ ነበር። ገፊ አምስት ስድስት ቀን ነፍሶ ያርፋል፤ ቡቃያ ነፋስ እንደሚፈልግ ሁሉ ከነፋሱ በኋላ ፀጥታ ይፈልጋልና። ኋላ ግን ነፋሶቹ ወራቸውን ሳቱ። ገፊ በወሩ ቀረ፤ ቀርቶም ባልታሰበ ጊዜ መጣና ሃያ ቀን ያለ ዕረፍት ነፍሶ ቡቃያውን ብርሃን ወደማይደርስበት ጥልቅ አወረደው። ዓሣ አስጋሪዎች ተደናገሩ። ንጉሡም ሕዝቡ መደናገሩን ሰማ። መደናገር ለመንግሥት አይበጅምና አንድ መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ስሙም ቤተ ነፋስ ተባለ።

ቤተ ነፋስ ነፋስን አይለካም ነበር፤ ነፋስን ይወስናል። የተወሰነው ነፋስ በወደቡ አደባባይ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ገፊ ተብሎ ከተጻፈ ሰው ሁሉ ደረቱን ወደ ሰሜን አዘንብሎ መራመድ አለበት፤ አየሩ ፀጥ ቢልም፣ ነፋሱ ከጀርባው ቢመጣም። በተጻፈው ነፋስ አዘንብሎ የማይሄድ ሰው «ቀጥ ባይ» ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ሰው ባርኔጣውን ነፋስ ነጥቆት ወደ ተራራው ወሰደበት። ሰሌዳው ግን ባርኔጣው ወደ ደቡብ መብረር እንዳለበት ስለሚያሳይ በደቡብ በኩል እንዲፈልገው ታዘዘ። ሦስት ቀን ፈለገ። በአራተኛው ቀን አገኘሁ ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ ባርኔጣ በሌለው ባዶ ራሱ።

በዚህች አገር እልፍነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ቀለም መጥራት ነው። በየማለዳው ጉልበቷ ድረስ ወደ ባሕሩ ትገባና በነጭ ሸክላ ሳሕን ውኃ ትቀዳለች። ወደ ፀሐይ ዞራ ታየውና ከድንጋዩ መድረክ ላይ ሆና ቀለሙን ትጠራለች። ሁለት ቃል ብቻ ነበር ያላት። «አረንጓዴ» ካለች ጀልባ ይወጣል፣ ዛጎል ይለቀማል። «ቀይ» ካለች ሁሉም ቤቱ ይቀመጣል። ይህን ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አንድም ሰው በቃሏ ታምሞ አያውቅም።

ቤተ ነፋስ ከቆመ በኋላ ግን ቃሉ ከዋዜማው በወረቀት ይመጣላት ጀመር። ወረቀቱን የሚያመጣው የወደቡ ሹም ሊቀ ነፋስ ዘውገ ነበር፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ወደ ሰሜን ማዘንበል ስለለመደ ተኝቶም የሚያዘነብል ሰው።

መጀመሪያ ወረቀቱና ውኃው ይስማሙ ነበር። ቆይቶ አንዳንድ ቀን ይለያዩ ጀመር። ወረቀቱ አረንጓዴ ይላል፣ ሳሕኑ ውስጥ ያለው እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ዓሣም ቡቃያም የሌለበት ባዶ ውኃ። እልፍነሽ አረንጓዴ ብላ ትጠራለች፣ ጀልባዎች ይወጣሉ፣ ባዶ መረብ ይዘው ይመለሳሉ። የሚገርመው ግን ሰዎቹ አለመናደዳቸው ነው። «ዛሬ ያማረ አረንጓዴ ነበር» ይሏታል፤ እያዘነበሉ። እሷም ቀስ በቀስ ዓይኗን መጠርጠር ጀመረች። ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን ነው? ብላ አሰበች። አንድ ቀን ለሊቀ ነፋስ ዘውገ ነገረችው።

«ጌታዬ፣ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ አይታየኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት በእውነት ተጨንቆ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወዲያው ወደ ቤተ ነፋስ ዓይን መርማሪ ላካት።

መርማሪው ቅጠል አሳያት። «ይህ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ።»

ደም የነካው ጨርቅ አሳያት። «ይህስ?»

«ቀይ።»

በመጨረሻ መስኮቱን ከፍቶ ባሕሩን አሳያት። «ያስ?»

እልፍነሽ ብዙ አየችው። «እ... ነጣ ያለ ሰማያዊ ይመስለኛል።»

መርማሪው መስኮቱን ዘጋ። «ዓይንሽ ደኅና ነው» አላት። «ያመመሽ አስተያየትሽ ነው።»

መድኃኒትም አላዘዘላትም። ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ማዘንበሏን ረስታ ይሁን ወይም ተሳስታ ወደ ደቡብ አዘንብላ፣ ግድግዳ ታክካ ሄደች።

ባሏ ጓንጉል ዛጎል ጠላቂ ነበር። ትንፋሹን ይዞ ከባሕሩ ወለል ዛጎል የሚነቅል፣ ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የዛጎል በዓል ይከበራል፤ በዚያ ቀን ሕዝቡ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ፣ ቀለም ጠሪዋ «አረንጓዴ» ካለች በኋላ የወቅቱን የመጀመሪያ ዛጎል በአንድነት ይበላል። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጓንጉል ከቀትር በፊት ከባሕር ተመለሰና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው?» አለችው።

«ውኃው ሞቋል። ሁለት የሰው ቁመት ወርጄ እንኳ አልቀዘቀዘም።»

«መላሽ ነዋ። ዘጠኝ ቀን ሆነው።»

«ሰሌዳው ገፊ ይላል።»

«ሰሌዳውን ተወውና ገላህ ምን ይላል?»

ጓንጉል እጁን አየ። «ገላዬማ ግራ ገብቶታል። በሰሜኑ ጥግ ውኃው ይቀዘቅዛል፣ አረንጓዴም ይመስላል። በደቡቡ ጥግ የሻይ አተላ ይመስላል፤ በጣቴ ስነካው ያሟልጫል። በመሐሉ ደግሞ ሁለቱም አለ። ቀይ ነው ብዬ እንዳልምል ቀይ አይደለም። ደኅና ነው ብዬ ለልጅ አላበላውም።»

ተያይዘው ወደ አባ ጎሹ ሄዱ። አባ ጎሹ የወደቡ ሽማግሌ፣ የሁለት ነገሥታት ዘመን መርከበኛ ነበሩ። እግራቸው ስለማይሄድ ሰሌዳው አያስገድዳቸውም፤ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው። እልፍነሽ ውኃ በሳሕን ወስዳላቸው ነበር። አሸተቱት፣ በጣታቸው አሹት፣ ወደ ፀሐይ አነሡት።

«በእኔ ዘመን» አሉ፣ «ጢሜን ነፋስ ሲነካው ከስድስት ቀን በኋላ የሚሆነውን ባሕር አውቅ ነበር።»

«አሁንስ አባ?»

ሽማግሌው ሳሕኑን መለሱላት። «አሁን አላውቅም፣ ልጄ።»

እልፍነሽ ደነገጠች። በዚያች አገር ሰው እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም ነበር። የአባ ጎሹ ቃል እንደ ስድብም እንደ ጸሎትም ሆኖ ተሰማት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷን የቀለላት መሰላት።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። አደባባዩ ሞላ። መላሽ ከባሕር እየመጣ የሰዉን ልብስ ወደ ተራራው ያውለበልባል፤ ሕዝቡ ግን በሰሌዳው ትእዛዝ ወደ ሰሜን አዘንብሎ ቆሟል። ከሩቅ ላየው ዘንበል ብሎ የተተከለ አጥር ይመስላል። ዛጎሉ በትልልቅ ቅርጫት ተደርድሯል። ሊቀ ነፋስ ዘውገ በሁለት አጃቢዎች መሐል ቆሞ ለእልፍነሽ ወረቀቱን አሳያት። አረንጓዴ ይላል።

እልፍነሽ ውኃዋን ቀድታ መድረኩ ላይ ወጣች። ወደ ሳሕኑ ተመለከተች። ውኃው ጭቃ ነው ቢሏት ጭቃ፣ ቡቃያ ነው ቢሏት ቡቃያ ይመስላል። በአንድ በኩል ስታዘነብለው አረንጓዴ ይሆናል፣ በሌላ በኩል ዝገት። ያመመኝ አስተያየቴ ይሆን? አለች በልቧ። አረንጓዴ ብትል ሰው ሊሞት ይችላል። ቀይ ብትል ያላየችውን መመስከሯ ነው። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«አላውቅም» አለች።

ያልሰሙ ሰዎች ስለነበሩ ደገመችው። «ቀለሙን አላውቅም!»

ሊቀ ነፋስ ዘውገ ወደ መድረኩ ሥር ሮጠ። «አንቺ! ያለሽ ሁለት ቃል ነው። ከሁለቱ አንዱን በይ።»

«ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ነው ያላወቅሁት፣ ጌታዬ።»

«ወረቀቱ ላይ አለ!»

«ወረቀቱን አውቀዋለሁ። የማላውቀው ውኃውን ነው።»

አንዲት ዛጎል ፈልፋይ ሴት ከቅርጫቷ አጠገብ ቀና ብላ «እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ ራሷ ወደ ውኃው ወረደች። ጎንበስ ብላ በእጇ ቀዳች፣ አሸተተች፣ ፊቷን አጨማደደች። ሌሎችም ተከተሏት። ለማየት ቀጥ ብሎ መቆም ያስፈልግ ነበርና ሳያስቡት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ይህ ምንድን ነው?» «እኔ ጋ ደግሞ ሌላ ነው።» «ኧረ ይሸታል።» ይባባላሉ። ተደናግረው ነበር፤ ነገር ግን የተደናገረ ሰው እጁን ወደ አፉ ለመውሰድ አይቸኩልም። የታደላቸውን ዛጎል አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ መለሱት።

ሊቀ ነፋስ ዘውገ በዓሉ ከእጁ ሲወጣ አየ። ወደ ቅርጫቱ ሄዶ ዛጎል ከፈተና ዋጠ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጨመረ፤ እስከ ሰባት። አንደኛው አጃቢ ከቅርጫቱ ራቀ። ሁለተኛው፣ ትኩ የሚባል ሳቂታ ጎልማሳ፣ አለቃውን ብቻውን ላለመተው አምስት በላ።

«አረንጓዴ ነው!» አለ ሊቀ ነፋስ ዘውገ አፉን እየጠረገ። «አያችሁ? አረንጓዴ ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ቃሉን ደጋግሞ ሲጮኽ ሰዎች ድምፁ ሲለወጥ ሰሙ። «አረ... አረንጓ...» ከንፈሩን በጣቱ ነካካ። ምላሱ አልታዘዝ አለው። ጉልበቱም ከዳው። ትኩም አጠገቡ ወደቀ።

ጓንጉል የሰጠመ ጠላቂ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ሁለቱን ሰዎች በጀርባቸው አስተኝቶ ለአንደኛው እሱ፣ ለሌላው እልፍነሽ አፍ ለአፍ ገጥመው ይተነፍሱላቸው ጀመር። ሲደክማቸው ሌሎች ይቀበሏቸዋል። ያቺ ዛጎል ፈልፋይ እንኳ ተራ ይዛ ነበር። ትኩ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሞተ። ስሙን እየጠሩ፣ እየተነፈሱለት፣ በእጃቸው ላይ ሞተ። ሊቀ ነፋስ ዘውገ ግን ወደ ማምሻው የራሱን ትንፋሽ መሳብ ቻለ።

መናገር ሲችል እልፍነሽን በዓይኑ ፈለጋት። «ነፋሱ... ከየት ነው?» አላት።

«ከባሕር ነው። መላሽ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ ሁለት ቀን ሆነው።»

ሊቀ ነፋስ ዘውገ ወደ ትኩ አስከሬን ዞሮ አለቀሰ። እልፍነሽም አለቀሰች። ምናልባት ቀይ ብዬ ብሆን ኖሮ ትኩ ባልበላ ነበር የሚለውን ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ መፍታት አልቻለችም። ጓንጉል «ያላየሽውን እንዴት ትያለሽ?» ይላታል። «አዎ፣ እሱም እውነት ነው» ትላለች፤ ደግሞ ታለቅሳለች።

ከቤተ መንግሥት መርማሪዎች መጡ። ሕዝቡ እልፍነሽን ይዘዋት ይሄዳሉ ብሎ ተሸበረ። መርማሪዎቹ ሦስት ቀን ዘግተው መከሩና ወጥተው አመሰገኗት። ቤተ ነፋስ እንደተረዳው፣ «አላውቅም» ከቃላት ሁሉ የሚበልጥ ቃል ነው፤ በእሱ የሚጠየቅ ሹም የለምና። ስለዚህ ሦስተኛ ቀለም ሆኖ እንዲመዘገብ ተወሰነ። በሰሌዳውም ላይ «የዛሬ ነፋስ፦ አይታወቅም» ተብሎ ተጻፈ። ሕዝቡ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደሚያዘነብል በጠየቀ ጊዜ ወደ ጎን እንዲራመድ ታዘዘ።

ወረቀቱ አሁን በየቀኑ አንድ ቃል ብቻ ያመጣል፦ አላውቅም። እልፍነሽ ውኃውን ትቀዳለች፣ አላውቅም ትላለች። አንዳንድ ቀን በእውነት አታውቅም። አንዳንድ ቀን ግን ታውቃለች፤ በዚያም ቀን አፏ ውስጥ ያለው ቃል ያ በበዓሉ የተናገረችው ቃል ይሁን ሌላ አይገባትም። ድምፁ ያው ነው፣ ፊደሉ ያው ነው። በአላውቅም ቀን ጀልባ እንዳይወጣ ተከልክሎ ስለነበር መረቦች ግድግዳ ላይ ደረቁ። ሰዎች የቋጠሩትን ጨርሰው ከድንጋይ ላይ የባሕር ሣር መፋቅ ጀመሩ። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አባ ጎሹም በዚያ ረኃብ መሐል ዐረፉ።

ከዚያ ገፊ መጣ። ማንም አልጠራውም፣ ሰሌዳውም አላወቀውም። ከሰሜን የባሕሩን ዳር ይዞ አምስት ቀን ነፈሰና ዐረፈ። በሦስተኛው የፀጥታ ማለዳ እልፍነሽ ወደ ውኃው ስትገባ ቅዝቃዜው አጥንቷን ነካት። ከፊቷ ባሕሩ እስከ ዓይን ዳር ድረስ የለመለመ እርሻ ይመስላል። ወፎች ከላይ ይወረወራሉ፤ ከሥር የዓሣ ጀርባ ያብለጨልጫል። ሳሕኗን ሞላች።

ሊቀ ነፋስ ዘውገ በመድረኩ ሥር ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ከዚያ በዓል ወዲህ አንደበቱ ይጎተታል። ሕዝቡ ከስቶ፣ በጎኑ ቆሞ ይጠብቃል።

«አውቃለሁ» አለች እልፍነሽ።

ሊቀ ነፋስ ዘውገ ወደ ወረቀቱ አየ፣ ወደ እሷም አየ። «ምን... አልሽ?»

«አውቃለሁ አልኩ። አረንጓዴ ነው።»

«እልፍነሽ፣ እባክሽን። ነገ ቢለወጥስ? ነገ ደግሞ ምን ልትዪ ነው?»

«ነገን አላውቅም፣ ጌታዬ። ነገ አየዋለሁ።»

ሊቀ ነፋስ ዘውገ ወረቀቱን አጠፈ። ከዚያ ወደ ውኃው ወረደ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ጎንበስ ብሎ አየ። ምን እንዳየ ለማንም አልተናገረም፤ ግን «ጀልባ አታስወጡ» የሚለውን ቃል ያን ቀን ከአፉ የሰማ ሰው የለም። ጓንጉል የመጀመሪያውን ጀልባ ገፋ። ሌሎቹም ተከተሉት። ቀትር ሳይሆን ዓሣው ከጀልባ ጠርዝ ሞልቶ እየፈሰሰ ተመለሱ።

በሳምንቱ እልፍነሽ ከሥራዋ ተነሣች። ሊቀ ነፋስ ዘውገም ነፋስ ወደሌለበት የተራራ አውራጃ ተዛወረ። ከቤተ መንግሥት ድምፁ ያማረ አዲስ ቀለም ጠሪ መጣና የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ሳያዛንፍ ይጠራል። አደባባዩ ላይ ግን የሚያዳምጠው ሰው የለም። ሕዝቡ በዚያ ሰዓት ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይከራከራል። አንዱ አረንጓዴ ነው ይላል፣ ሌላው ገና ነው፣ አንዳንዱም ይቅርብን ይላል። እልፍነሽም መሐላቸው ቆማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትከራከራለች። አንዳንድ ቀን እሷም ትሳሳታለች።